ዜሮ እና ባዶ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። መብራት ስለሄደ የጎረቤት ጄኔሬተር ይሰማችሁ ይሆናል፣ ቻሉት።

የአክስቴ ልጅ ፐብሊክ ሄልዝ ተመደበች። ደውላ "ተመርቄ ምን ልሆን ነው?" አለችኝ። እኔም ያንኑ ስማር እናቴ ለጎረቤት "ዶክተር" እያለች ነበር የምታስተዋውቀኝ፤ ክረምት ቤት ስገባ ደጃፉ ግፊት የሚለካ ሰው ይሞላ ነበር። እውነት ነው፣ እኛ አገር በዚህ ትምህርት የሚመረቀው ጤና መኮንን ያክማልም። ጎንደር ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈትም፣ እዚያው ጎንደር አቅራቢያ ያለውን ደንቢያን ወባ ከፈጀው በኋላ፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አብረው ገጠር እንዲወርዱ ነው የታሰበው።

እኔም ተማሪ ሆኜ ወረድኩ። ሥራዬ ሽንት ቤት መቁጠር! አንዲት እናት "አለን" አሉኝ፤ ቅጹ ላይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "እስቲ ያሳዩኝ" አልኳቸው። ከጓሮ ወሰዱኝ። መንገዱን ሣር ውጦታል፤ በሩ ላይ ሸረሪት ከዳር እስከ ዳር አድርታለች። እናት ፈገግ አሉና "ልጄ፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ብለን ነው የቆፈርነው። ደግ ልጅ ናት፣ በአለቆቿ ፊት እንዳታፍር" አሉኝ።

ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ፍለጋ ብዙ ተንከራተትኩ፤ እሱን ልዝለለው። አንዳንዱ ጓደኛዬ ጤና ጣቢያ ገባ፣ አንዳንዱ ኤንጂኦ፣ እኔ ወረዳ ላይ የበሽታ ቅኝት። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ሪፖርት ከየጤና ጣቢያው መልቀም ነው፦ ወባ ስንት፣ ማጅራት ገትር ስንት። ከሌለ "ዜሮ" ተብሎ ይጻፋል፣ ባዶ አይተውም። ዜሮ ማለት ፈልገን አጣን ነው። ባዶ ከሆነ የፈለገ መኖሩንም አታውቅም።

አንድ ሰኞ ግን የአንዱ ጤና ጣቢያ ስልክ አልነሳ አለ። ሰዓት ደርሷል፣ አለቃዬ ይነተርከኛል። ባዶዋን እኔው ዜሮ አድርጌ ላክኋት። በሳምንቱ ከዚያው አካባቢ የአተት በሽተኞች ተባሉ። ያቺ ሸረሪት ፊቴ ድቅን አለች። ከዚያ በኋላ ስልክ እምቢ ካለ ሞተር ሳይክል ለምኜ እሄዳለሁ።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታ "ዜሮ ለመጻፍ ነው ይሄ ሁሉ ትምህርት?" አለችኝ።

አዎ፣ የኔ እህት። አሃ፣ መብራት መጣ።