ምስጋናው ለአክተሩ ብቻ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ!

ስትጋብዙኝ «ስለ ህንድ ፊልም ትንሽ አውራን» ነው ያላችሁኝ። ብዙዎቻችሁን ከልጅነት ነው የማውቃችሁ። አንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠናል፣ አብረን አልቅሰናል፣ ከቪዲዮ ቤት ስንወጣ «ጥናት ነበርን» ብለን አብረን ለእናቶቻችን ዋሽተናል። ስለዚህ የህንድ ፊልም ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ ምስጋና ልናገር ነው። ስለ ፊልም መጻፍ ከጀመርኩ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የሚመላለስ አንድ ነገር አለ፣ ዛሬ ካላወጣሁት ሌላ ቦታ አላወጣውም።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታብን።

ቪዲዮ ቤቱን ታስታውሱታላችሁ። ጨለማ ክፍል ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፣ ከፊት አንዲት ቴሌቪዥን ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ካሴቱ ሲያረጅ ምስሉ ይዘላል፣ ባለቤቱ ይነሳና ማጫወቻውን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። እኛ የምናውቀው ሕግ አንድ ነበር፤ አክተሩ አይሞትም። ከሞተም መጨረሻ ላይ፣ እናቱ ጭን ላይ ነው። አክተሩን እንደ ወንድማችን ነበር የምንወደው።

ከፊት ደግሞ አንድ ልጅ ይቀመጥ ነበር። በዕድሜ ከኛ ከፍ ይላል። ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተከታተለ ጮክ ብሎ በአማርኛ ይነግረናል። ገንዘብ አይከፈለውም፣ በነፃ ይገባል፣ በቃ። እናት ስታለቅስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወሮበላው ሲዝት ጉሮሮውን ያጎረንናል። አንድ ቀን አሞት ቀረና ያን ፊልም ዝም ብለን አየነው፤ ግማሹ ሰው ሳያልቅ ወጣ። ዛሬም የነዚያ ፊልሞች ታሪክ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው በዚያ ልጅ ድምፅ ነው። የአክተሮቹን ስም አሁን ብትጠይቁኝ እደረድርላችኋለሁ። የልጁን ስም ግን አላውቀውም። ያን ሁሉ ዓመት ስምህ ማነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ጋዜጠኛ ሆኜ ስለ ሂንዲ ፊልም ማንበብና መጻፍ ስጀምር ይሄው ነገር ተከተለኝ። የሙምባይ ፊልም ከሥር ከመሠረቱ ስማቸው ባልተጠራ ሰዎች የተሠራ ነው። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝን ላውራችሁ።

በ1949 «ማሃል» የሚባል ፊልም ወጣ። ተዋናይዋ ማዱባላ ናት። ገና ልጅ ናት፣ ውበቷ ግን ያስደነግጣል። ፊልሙ ውስጥ ከሩቅ የሚሰማ አንድ ዘፈን አለ። አንዲት ሴት እየዘፈነች ቀስ በቀስ ትቀርባለች፣ ሰውየው ደግሞ ድምፁን እየተከተለ ባዶውን ቤት ይዞራል። በዚያን ጊዜ ድምፅን የሚያርቅ የሚያቀርብ መሣሪያ እንደልብ አልነበረም። ታዲያ ምን አደረጉ? ዘፋኟን ክፍሉ ጥግ ላይ አቆሟት። ማይክሮፎኑ መሐል ላይ ነው። እየዘፈነች በቀስታ፣ እርምጃዋ እንዳይሰማ ተጠንቅቃ፣ ወደ ማይክሮፎኑ ተራመደች። ልክ ዋናው ግጥም ሲጀምር ማይክሮፎኑ ጋር መድረስ አለባት። ከቀደመች ተበላሸ፣ ከዘገየችም ተበላሸ፤ እንደገና ከጥጉ ትጀምራለች። እስቲ አስቡት፣ የሃያ ዓመት ወጣት ናት፣ በእግሯም በጉሮሮዋም እኩል ትለካለች።

ሸክላው ታተመ። ሕንድ በሙሉ ዘፈነው። ሸክላው ላይ የዘፋኟ ስም ምን ተብሎ ተጻፈ መሰላችሁ? «ካሚኒ» ተብሎ። ካሚኒ ማን ናት? ማዱባላ የተጫወተቻት ገጸ ባሕርይ ናት! በዓለም ላይ የሌለች ሴት ስም ተጻፈ፣ ክፍሉን ተራምዳ የዘፈነችው ልጅ ስም ግን አልተጻፈም። አድማጮች ናቸው ዝም ያላሉት። ይህቺ ሴት ማን ናት እያሉ ለሬዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ሲበዛ ነው ስሟ በአየር ላይ የተነገረው፤ ላታ ማንጌሽካር።

ይህን ታሪክ በቁመቱ ያወራሁላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙን ያወጡት ኩባንያው ወይም አዘጋጁ አልነበሩም። ቤታቸው ተቀምጠው ሬዲዮ የሚያዳምጡ ሰዎች ናቸው። እኛን የመሰሉ ሰዎች።

ላታም ራሷ የዋዛ ሴት አልነበረችም። በ1957 እሷ የዘፈነችው አንድ ዘፈን ያለበት ፊልም ፊልምፌር በሚባለው የሂንዲ ፊልም ሽልማት የምርጥ ሙዚቃ አሸናፊ ሆነ። ዋንጫው የአቀናባሪዎቹ የሻንካርና የጃይኪሻን ነው። አቀናባሪዎቹ መድረክ ላይ ዘፈኑን ዝፈኚልን አሏት። አልዘፍንም አለች። የተሸለመው ዜማው ነው እንጂ ዘፋኙም ገጣሚውም አይደለም፣ እንግዲያው ዜማውን ያለ ድምፅና ያለ ግጥም ተጫወቱት አለቻቸው። እስከዚያ ድረስ ለዘፋኝ የሚሰጥ ዋንጫ አልነበረም፣ ተዋናዮቹ ከንፈር የሚያንቀሳቅሱት በሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ሳለ! ከዚያ ወዲህ ተጀመረ። የመጀመሪያውንም በ1959 የወሰደችው እሷ ናት። ለራሷ ብቻ ግን አልነበረም የጮኸችው፣ ገጣሚውንም ጨምራ ነው። እኔ ላታን የምወዳት በድምፅዋ ብቻ አይደለም፣ በዚያች «አልዘፍንም» ባለችው ቃል ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፖስተሩ እንሂድ። በ1973 «ዛንጂር» የሚባል ፊልም ሊወጣ ነው። ጸሐፊዎቹ ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ናቸው። አክተሩ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊልሞቹ በተከታታይ የወደቁበት ሰው ነው፤ አሚታብ ባችቻን። ትልልቆቹ ኮከቦች ሚናውን አንቀበልም ብለዋል። ይሄ ሰው ይሁን ብለው የተሟገቱለት ሁለቱ ጸሐፊዎች ናቸው። ፖስተሩ ሲለጠፍ ግን ስማቸው የለም። የጸሐፊ ስም ፖስተር ላይ አይወጣማ፣ ልማድ ነው። እነሱ ምን አደረጉ? ቀለም ቀቢ ቀጠሩ። መኪና ያዙ። ሰውየው በሌሊት ከተማውን እየዞረ፣ ያገኘው ፖስተር ሁሉ ላይ «የተጻፈው በሳሊም ጃቬድ» ብሎ ቀባበት። ቀቢው ቦታ አልመረጠም፣ አንዳንዱ ላይ ጽሑፉ የተዋናይ ፊት ላይ ሄዶ አረፈ። ጠዋት ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ ስትነሳ ስማቸው ግድግዳው ሁሉ ላይ አለ።

ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። አንድ ሰው ጽፎ የሰጠው ሥራ ላይ ስሙን ለማየት በሌሊት ቀለም ይዞ መዞር አለበት? አሚታብ የሚጫወተውን የቁጡውን ወጣት ባሕርይ፣ እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተነስተን ያጨበጨብንለትን ንግግር ሁሉ የጻፉት እነሱ ናቸው! እኛ ግን «አሚታብ እንዲህ አለ» እንላለን። አሚታብ አላለም። አሉለት። እሱ ደግሞ በዚያ ድምፁ አሳመረው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ብቻ መናገር ግን ስርቆት ነው።

ኮከቦቹን እንዳልወድ አድርጋችሁ አትውሰዱኝ። አሚታብ ባችቻንን አከብረዋለሁ። በሐምሌ 1982 ባንጋሎር ውስጥ «ኩሊ» የሚባለውን ፊልም ሲቀርጹ፣ በድብድብ ትዕይንት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ወድቆ ሆዱ ውስጥ ተጎዳ። ሊሞት ነበር። ሕንድ በየቤተ መቅደሱና በየመስጊዱ ጸለየለት። ራሱ በኋላ እንደተናገረው 200 ያህል ሰዎች ደም ሰጥተውታል፣ 60 ጠርሙስ ደም ገብቶለታል። በፊልሙም ላይ ያ የተጎዳበት ምት ሲደርስ ምስሉ ቆሞ፣ የተጎዳው እዚህ ጋ ነው የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሲድን አልረሳም። ዓመታት ሙሉ እሑድ እሑድ ጁሁ ከሚገኘው ቤቱ በር ላይ እየወጣ ሕዝቡን እጅ ሲነሳ ኖሯል፣ ያውም ጫማውን አውልቆ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን እንደምናወልቀው። ወደ ላይ የወጣ ሰው ወደ ታች ሲያመሰግን ማየት ደስ ይላል፣ እንባዬ ይመጣል።

ግን ለአንድ ጉዳት ምስሉ ቆመ፣ ጽሑፍ ወጣ። ሌሎቹ ሲወድቁስ?

ዛሬ ማታ የምናየው «ሾሌይ» ነው። የ1975 ፊልም ነው፣ ቦምቤይ ሚኔርቫ ሲኒማ ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ ታይቷል። ባሳንቲን ታውቋታላችሁ፣ ባለ ጋሪዋን፣ ለፍላፊዋን። ሄማ ማሊኒ ናት። ሽፍቶቹ ሲያሳድዷት ፈረሷን ዳኖን እየገረፈች በድንጋይ መሐል የምትበርበትን ትዕይንት ስንት ጊዜ አየነው? ጋሪው ላይ የነበረችው ግን ሌላ ሴት ናት። ሬሽማ ፓታን ትባላለች። በ14 ዓመቷ ነው ለቤተሰቧ እንጀራ ብላ ፊልም ላይ በተዋናዮች ፈንታ መውደቅና መዝለል የጀመረችው። በሂንዲ ፊልም ውስጥ ይህን ሥራ መተዳደሪያቸው ካደረጉት ሴቶች ቀዳሚዋ ናት፣ በወንዶች ማኅበር ውስጥ አባል ለመሆን ታግላለች። ያንን ትዕይንት ሲቀርጹ ጋሪው ተገልብጦባት ተጎድታለች። አገግማ ተመልሳ ሠርታለች። ለእሷ ማንም ምስሉን አላቆመም። ጽሑፍም አልወጣም።

ስለ እሷ አንድ ጊዜ ለአንድ መጽሔት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ደክሜበታለሁ። ታትሞ ሲወጣ ከላይ የሄማ ማሊኒ ፎቶ ገጹን ሞልቶታል፣ ርዕሱ «የሾሌይ ንግሥት» ሆኗል፣ የሬሽማ ስም ከጽሑፉ መሐል አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል። አዘጋጁን ለምን አልኩት። «አንባቢ የማያውቀውን ሰው ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አንባቢ የማያውቀው እኛ ስለማንነግረው ነው! ስም የማስታወቅ ሥራ የማን ሥራ ነው? የኛ አይደለም ወይ? ኮከብ ምን በላ፣ ማን ጋ ታየ፣ ምን ለበሰ ስንል እንውላለን፤ እዚህም፣ እዚያም ሙምባይ ያሉት ባልደረቦቻችንም። ይሄ ያናድደኛል፣ ዛሬም ያናድደኛል፣ አዎ።

ነገሩ ከጥንት ነው። የሕንድ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም በ1913 የወጣው የዳዳሳሄብ ፋልኬ ነው። ሚስቱ ሳራስዋቲባይ ጌጧን ለገንዘቡ ሰጠች፣ ለቡድኑ ሁሉ አበሰለች፣ ልብስ አጠበች፣ ማታ ቁጭ ብላ የጥሬውን ፊልም ጥቅል ጠርዝ በመሣሪያ ትበሳ ነበር፣ ያኔ ፊልሙ ሳይበሳ ነበርና የሚመጣው። ፋልኬ ራሱ በ1944 ተረስቶ ሞተ። በስሙ ትልቁ የመንግሥት ሽልማት የተጀመረው በ1969 ነው። በሳራስዋቲባይ ስም የተጀመረ ሽልማት አላውቅም።

ጥሩ ነገርም አለ። በ2012 የሕንድ ምክር ቤት የቅጂ መብት ሕጉን አሻሽሎ፣ ገጣሚና ዜማ ደራሲ ሥራው በተሰማ ቁጥር ድርሻውን እንዳያጣ አደረገ። ከተሟገቱት አንዱ ማን ነበር? ያ በሌሊት ስሙን ግድግዳ ላይ ያስቀባው ጃቬድ አክታር።

ብዙ ልናገር ነበር፣ ስለ ጨፋሪዎቹ፣ ስለ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ሰዓቱ ግን ሄዷል፤ እናንተም ፊልሙን ናፍቃችኋል። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ጋሪው መሮጥ ሲጀምር፣ ዳኖ አቧራውን ስታስነሳ፣ እንደ ድሮው አጨብጭቡ፣ ፉጨትም ያለው ያፏጭ። ስትጮኹ ግን «ባሳንቲ» ብቻ አትበሉ። «ሬሽማ!» በሉልኝ። እኔ ከፊት ነው የምቀመጠው፣ እሰማችኋለሁ።

አመሰግናለሁ። በሉ መብራቱን አጥፉት።