የመስቀል ወፍ የት ይከርማል?

እንደምን ዋላችሁ።

የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለወፍ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመጣችሁ ደግሞ እጥፍ ምስጋና። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ።

ዛሬ የዓለም የፍልሰተኛ ወፎች ቀን ነው። በዓመት ሁለቴ ነው የሚከበረው፤ አንዴ በግንቦት መግቢያ፣ አንዴ ደግሞ እንዲህ መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ። ወፎቹ የሚሄዱበትና የሚመጡበት ሰሞን ስለሆነ ነው። እኔ ግን ከሩቅ በሚመጡት አልጀምርም። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ስለዚህ በመስቀል ወፍ ልጀምር።

ጠፍቶ የከረመ ዘመድ ድንገት ብቅ ሲል "አንተ የመስቀል ወፍ!" እንለዋለን። በዓመት አንዴ ታይቶ የሚሰወር ማለታችን ነው። ልጅ ሆኜ እናቴን "እማዬ፣ የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ይሄዳል?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ከአደይ ጋር መጥቶ ከአደይ ጋር ይሄዳል" አለችኝ። ደስ የሚል መልስ ነው። አርባ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አምኜው ኖርኩ።

ሙያዬ ሒሳብ አያያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ሐኪም "በእግርህ ተንቀሳቀስ" ሲለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ከኔ ጋር ና" ብሎ ባይኖኩላር አዋሰኝና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ወሰደኝ። ጥር ነበር፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ሣሩ ደርቋል፣ ሜዳው አቧራ ነው። ውሃው ዳር ቄጠማ ላይ ብዙ ትንንሽ ቡናማ ወፎች ሰፍረዋል። ድንቢጥ ናቸው ብዬ ባይኖኩላሩን ወደ ሌላ ላዞር ስል አንዱ ተነሳ። ሲነሳ ወገቡ ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። መልሶ ሲያርፍ ክንፉ ሸፈነውና ጠፋ። ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ብልጭ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት ባልደረባዬን።

"የመስቀል ወፍ ነዋ" አለኝ።

እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም። የመስቀል ወፍ የሚለውን ስም ሰው ለተለያዩ ወፎች ይሰጠዋል፤ እኔ የማወራው ጥቁሩን፣ ወገቡና ትከሻው ላይ ቢጫ የጣለበትን ነው። ያ ጌጠኛው ወንዱ ነው። ክረምቱ ሲጠግብ፣ ሣሩ ሲያድግና ፍሬ ሲይዝ፣ የመራቢያ ጊዜው ይሆናል። ያኔ ላባውን ቀይሮ ጥቁርና ቢጫውን ይለብሳል፤ ሴቷን ሊማርክ። ጫጩቶቹ ከተነሱ በኋላ ያን ልብስ አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። የወገቡ ቢጫ ግን አይለቅም፤ ክንፉ ሥር ተደብቆ ይከርማል። ወፉ የትም አልሄደም ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከኛ ጋር ነበር። እኛ ነን የማናውቀው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ጠፍቷል የምንለው አብዛኛው ወፍ አልጠፋም። እዚሁ አለ፤ አላየነውም። ሳናየው ግን በእውነት ሊጠፋ ይችላል።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ወደ ሥላሴ ካቴድራል በኩል ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ የሚያርፉትን እርግቦች ታውቋቸዋላችሁ። ግን ማጅራታቸውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥቁር ግራጫ ሆነው ማጅራታቸው ላይ ነጭ መቀነት ያለባቸው አሉ። ያቺ እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም የለችም። ሰው ከአውሮፓ አውሮፕላን ተሳፍሮ እሷን ለማየት ይመጣል፤ እኛ ከሥሯ ታክሲ እንጠብቃለን።

ጠዋት ገና ሳይነጋ፣ ማታ ደግሞ ሊመሽ ሲል፣ "ሃ! ሃ! ሃ!" እያሉ በጣሪያችን ላይ የሚያልፉትስ? እንቅልፍ ነሳን የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እነሱ አይቢስ ይባላሉ። ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለች። በረጃጅም ዛፎች ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ትልና ነፍሳት ለመልቀም። እነሱም የዚሁ ደጋ ልጆች ናቸው። በየግቢው ጽድና ሾላ ላይ የምትንጫጫው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀንም እንደዚያው፤ ወንዱን በግንባሩ ቀይ ታውቁታላችሁ። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ። ከነዚህ ውስጥ ስንቱን በስም እንደምንጠራ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። እኔ ስጀምር ከዘጠኝ አላለፍኩም፤ ዶሮን ጨምሬ።

አሁን ወደ ውሃው ልውሰዳችሁ።

እኛ ያለንበት ቦታ በወንዞች መሃል ነው። በአንድ በኩል ቀበና አለ፣ በአንድ በኩል ግንፍሌ፣ ወረድ ሲል ባንትይቀጡ። ከእንጦጦ ወርደው፣ የኛን ቆሻሻ ተሸክመው፣ ወደ ታላቁ አቃቂ ይገባሉ። ከምዕራቡ የከተማው ክፍል ደግሞ ትንሹ አቃቂ ይመጣል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ግድቡ በአገራችን ከውሃ መብራት ካመነጩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ደለል ሞልቶት፣ አርጅቶ፣ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ከዚያ ውሃው ወደ አዋሽ ይቀጥላል።

ስለዚህ እዚህ ድልድይ ላይ ቆመን የምንወረውራት የፕላስቲክ ጠርሙስ መድረሻ አላት። አይቻታለሁ። ሐይቁ ዳር፣ ጭቃ ላይ፣ በሺዎች ሆና ተኮልኩላለች። እምቦጭን ሁላችንም ከጣና ጋር ነው የምናነሳው። አባ ሳሙኤል ላይ ግን ከጣና በፊት ነበረ። የፍሳሻችን ነገር ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው፤ እየበላ ይሰፋል። 

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስምርበት። "ይሄ ሁሉ ወፍ ካለ ውሃው ደህና ነው ማለት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ወፉ የሚመጣው ሌላ ቦታ ስለሌለው ጭምር ነው። በዙሪያው ያለው ረግረግ እየደረቀና እየታረሰ ሲሄድ የቀረው እሱ ነው።

ግን ምን ዓይነት ወፍ መሰላችሁ የሚመጣው! ከጥቅምት ጀምሮ ትልልቅ ግራጫ ወፎች ከሰሜን፣ ከሩሲያ አካባቢ፣ ይገባሉ። ክሬን ይባላሉ። የሕንፃ መሥሪያውን ክሬን ስሙን የሰጡት እነሱ ናቸው፤ ለአንገታቸው ርዝመት። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ቀን ቀን ገበሬው አጭዶ በጨረሰው የጤፍና የሽንብራ ማሳ ላይ ሲለቅሙ ይውላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ተሰልፈው፣ እንደ መለከት እየጮሁ፣ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብና ውሻ ሲመጣ የውሃው ድምፅ እንዲያነቃቸው። ያን የማታ አመላለስ አንዴ ያየ ሰው ሌላ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ቤቱ መቀመጥ ይከብደዋል።

ከትልቁ ደግሞ ትንሿን ልንገራችሁ። ከብት እግር ሥር እየሮጠች ዝንብ የምትለቅም፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ደረቷ ቢጫ የሆነች ቀጭን ወፍ አለች። ሰሞኑን ሜዳው ሁሉ የሷ ነው። የምትመዝነው 17 ግራም አካባቢ ነው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። በዚህ ክብደት ከአውሮፓ ተነስታ ሰሐራን አቋርጣ ነው የመጣችው። በመጋቢትና በሚያዝያ መልሳ ትሄዳለች። ሰው በቪዛ በሚንገላታበት ዘመን እሷ ይህን ሁሉ በጉልበቷ ታደርገዋለች። የምትፈልገው እርጥብ ሣርና ነፍሳት ብቻ ነው። ደርሳ ያን ካጣች ግን በቃ፣ አለቀላት።

ማጣት ስል ያየሁትን ልናገር። ከባድ ስለሆነብኝ ብዙ ጊዜ አላወራውም።

እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አንድ ረግረግ ነበር። ትልቅ አይደለም፤ ሁለት የኳስ ሜዳ ቢያህል ነው። ለስድስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። እዚያ ሁለት ዝይዎች ነበሩ። የኛ ዝይ ናት፤ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትገኝ። ግራጫ ቡናማ ናት። አንገቷን ወደ ጀርባዋ ቀልሳ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ሣር ትግጣለች። ስትበር ክንፏ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይገለጣል። ሰው አትፈራም፤ አንዳንዴ እስከ አሥር እርምጃ ታስጠጋኛለች። አንድ ክረምት ሥራ በዝቶብኝ ቀረሁ። ጥቅምት ላይ ስሄድ ረግረጉ የለም። ገረጋንቲ ተደፍቶበታል። ከባድ መኪናዎች ይመላለሳሉ፤ መጋዘን ሊሠራበት ነው ተባለ። 

ዝይዎቹ እዚያው ነበሩ። ገረጋንቲው ላይ ቆመዋል። አንዷ ዝቅ ብላ ድንጋዩን ትነካካለች፣ ቀና ትላለች፣ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ደግሞ ትነካካለች። ሣሩን እየፈለገች ነው። ሁለት ሰዓት ያህል አየኋት። በሳምንቱ ስመለስ አልነበሩም። አንዱ ሹፌር ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝና "ጋሼ፣ እዚህ አሁን ወፍ የለም" አለኝ። ይህን አነጋገር በቀን ስንቴ እንሰማዋለን። ያን ቀን ቃል በቃል እውነት ሆነብኝ።

ሹፌሩ ላይ አልፈርድም። የረግረግ መሬት "ባዶ" እየተባለ ነው የሚሰጠው። ባዶ የሚባለው ማንም ስላልቆጠረው ነው። ብንቆጥረውና ብናስመዘግበው ኖሮ፣ ቢያንስ "ይህ ቦታ እንዲህ ያለ ወፍ አለበት" ብሎ የሚከራከር ወረቀት ይኖር ነበር።

ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ቦታ አለ። ከአዲስ ዓለም ወዲያ በርጋ የሚባል ረግረግ ሜዳ ነው። በክረምት፣ ውሃው ሣሩን ሲያጥለቀልቀው፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ የረግረግ ወፍ ትመጣና እዚያ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ሣር ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር የሚያያት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የአካባቢው ገበሬዎች በመፈልፈያዋ ወቅት ከብት ወደ ረግረጉ እንዳይገባ ተስማሙ። ሜዳው ላይ ሣሩ ይቆያል፣ ጫጩቶቹ ይነሳሉ፣ ከዚያ ሣሩ ይታጨዳል። ወፏን የሚወዱ የደቡብ አፍሪካ ሰዎችም ለገበሬው ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ ደገፉ። ለወፏም ለልጆቹም የሚበጅ ስምምነት ይህ ነው።

ከተማችን ውስጥ ደግሞ ወንዝ ዳርና መናፈሻ እየተሠራ ነው። ደስ ይለኛል። ቀበና ሲጸዳ እኔን የሚያህል የሚደሰት የለም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ዳሩን ሁሉ በድንጋይ አንዝጋው። ሣሩን ሁሉ አንላጨው። ጥግ ላይ ትንሽ ቄጠማ፣ ትንሽ ጭቃ፣ ያልተቆረጠ ቁጥቋጦ ይቅር። ለኛ ዓይን የተዝረከረከ ይመስላል፤ ለወፉ ግን ጓዳውና መኝታው እሱ ነው። የመስቀል ወፍ በተላጨ ሣር ላይ ምን ይበላል?

ወደ ነገው የአባ ሳሙኤል ጉዞ ልግባ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን 69 ዋና ዋና የወፍ ቦታዎች ለይቶ አሳትሟል፤ አባ ሳሙኤልና አካባቢው ከነዚያ አንዱ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ በብዙ አገር የውሃ ወፍ ይቆጠራል፤ እኛም ለጥር እንድንደርስ ከነገ ጀምሮ እንለማመዳለን። ቆጠራ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ አሥር ወፍ ቁጠሩ። አሥሩ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በዓይናችሁ ያዙ። ከዚያ መንጋውን በዚያ ልክ እየከፈላችሁ ሂዱ። ልጆች ከኛ ይሻላሉ፤ ዓይናቸው አይደክምም።

መኪናው አራት ኪሎ ሐውልቱ አጠገብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይቆማል። 11 ስል 11 ነው። ብርድ ስላለ ጃኬት ልበሱ፤ ቀይና ነጭ ግን ይቅርባችሁ፣ ከሩቅ ታይቶ ያስደነግጣቸዋል። ጭቃ ስላለ ቦት ጫማ ያለው ያድርግ። ባይኖኩላር ያለን አምስት ብቻ ስለሆነ በየተራ እንጠቀማለን። ቆሎና ውሃ ያዙ፤ ጠርሙሱ ባዶውን ከናንተ ጋር ይመለሳል። ስልካችሁን ድምፁን አጥፉት።

ቃሊቲን ስናልፍ የተኛችሁ ተነሱ። የመንገዱ ዳር ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ በግራም በቀኝም እዩ። ጥቁርና ቢጫው ገና ልብሱን አላወለቀም። ሴቷም አጠገቡ ናት፤ ቡናማዋን መጀመሪያ ያየ ልጅ ጮክ ብሎ ይንገረን።