ከመለካቱ በፊት ያለው አምስት ደቂቃ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ሳሰላስለው የከረምኩት ነገር ነርስ ሰው ሳይታመም ምን ትሠራለች የሚለው ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለውን ሙያ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ሙያችሁ ይሆናል። በነርስነቷ ላይ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ጨምራ ትመረምራለች፣ መድኃኒት ታዛለች። ያለ ሐኪም ፊርማ እስከምን ድረስ እንደምትሄድ የየግዛቱ ሕግ ይወስነዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን አጀማመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጀምሩት፣ ትልቁ ጉዳያቸው ጤነኛው ልጅ ጤነኛ ሆኖ እንዲያድግ መከታተል ነበር። መከላከል ኋላ ላይ የተጨመረ ሥራ አይደለም፤ ሙያው የተወለደው ከእሱ ነው።

መሬት ላይ ሲወርድ ምን ይመስላል? ደም ግፊትን እንውሰድ፤ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ስለዚህ ካልተለካ አይታወቅም። ለክቶ መሳሳት ደግሞ ቀላል ነው። ሰውየው ዳገቱን ወጥቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ሽንቱን ይዞ ይመጣል። ገና ሳይቀመጥ የመለኪያው ጨርቅ በጃኬቱ ላይ ይጠመጠምለታል፣ እየተለካም ስለ ልጆቹ ይጠየቃል። ቁጥሩ ይወጣል፤ የማን ቁጥር እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ሩጫ የለም። ሽንት ቤት ይኬዳል። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፤ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ሳይጠላለፍ። ክንድ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል። የጨርቁ የሚነፋው ክፍል የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት። ወፍራም ክንድ ላይ ትንሹ ከታሰረ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፤ በየጤና ጣቢያው ግን አንድ መጠን ብቻ ተይዞ ለሁሉም የሚዳረስበት ጊዜ አለ። በመካከሉ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁለተኛ መለካት ያስፈልጋል። 140/90 እና ከዚያ በላይ ቢሆንም፣ በጣም ካልናረ ወይም አደገኛ ምልክት ከሌለ፣ ሌላ ቀን ተለክቶ ሳይደገም «ግፊት አለብህ» አይባልም። ወረፋው ረዥም ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ አምስቱ ደቂቃ እኮ ወረፋው ላይ ተቀምጦም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ምክሩ። «ጨው ቀንስ» የሚባለው ነገር ምክር አይመስለኝም። ወጡን የሚሠራው እሱ አይደለም፣ የሚበላውም ከአንድ ትሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ማን በማንኪያ ሰፍሮ ይበላል? እኔ ጥያቄው ይሄ ቢሆን እላለሁ፦ «አንድ ኪሎ ጨው እናንተ ቤት ስንት ቀን ይበረክታል?» አምስት አዋቂ ካለ 5 በ5 በቀን 25 ግራም ነው፤ ኪሎው 40 ቀን መቆየት ነበረበት። በ20 ቀን ካለቀ እጥፍ እየተበላ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲፈጩ የገባው ጨው፣ የዳቦው ጨው፣ ወጥ ማጣፈጫው ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ ምክሩ ለሚያበስለው ሰው ነው መነገር ያለበት፤ በቀጠሮው ቀን አብረው ቢመጡ ጥሩ ነው። ደግሞ አደራ፣ ሲቀነስም አዮዲን ያለው ጨው ይሁን፤ እንቅርቱን አንርሳ።

ሌላው የሚበላሸው መድኃኒቱ ላይ ነው። ሁለት ወር ይወሰድና ግፊቱ ሲወርድ «ዳንኩ» ተብሎ ይተዋል፤ የወረደው ግን በኪኒኑ ነው። ጾም ሲገባም ጠዋት የሚዋጠው ይቀራል። ነርሷ ቀድማ ብትጠይቅ፣ በቀን አንዴ የሚወሰደውን እንደ አምሎዲፒን ያለውን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ በየቀኑ ያው ሰዓት ይሁን እንጂ ከምግብ ጋር መሆኑ ግድ አይደለም። በረመዳንም ያው ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ጾም ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ። እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ። ሰላም ቆዩ።