መስኮቱን ከፍታችሁ እዩት፦ ለባልና ሚስት የሚሆን የአዲስ አበባ ሆቴል

በዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ፣ ለጫጉላም ሆነ ለጋብቻ በዓላቸው አዲስ አበባ መጥተው ጥቂት ሌሊት ማሳለፍ የሚፈልጉ ጥንዶች በስልክ ያነሷቸውን ጥያቄዎች የሆቴል መስተንግዶ ባለሙያችን መልሰዋል።

ከሐዋሳ፦ የተጋባንበትን 10ኛ ዓመት ልናከብር ነው። መስታወት በመስታወት የሆነ ሆቴል ሰልችቶናል፤ ታሪክ ያለው ቤት እንፈልጋለን። ጣይቱ ሆቴል ይሆነናል?

ታሪክ ከሆነ የፈለጋችሁት እሱን የሚቀድም የለም። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ማብቂያ ያሠሩት፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ከእግር በታች የሚንቋቋው የእንጨት ደረጃ፣ ከፍ ያለው ጣሪያና ሰፊው በረንዳ ሌላ ቦታ በገንዘብ አይገዛም። ግን «ጣይቱ ይዘናል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ግቢው ውስጥ ከዋናው ሕንፃ ውጭ ያሉ ክፍሎችም አሉ። ዋጋቸው ይቀንሳል፤ እናንተ የመጣችሁበት ነገር ግን እዚያ የለም። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ክፍሉ ዋናው ሕንፃ ውስጥ ነው? መታጠቢያው የራሱ ነው ወይስ የጋራ? መስኮቱ ወዴት ያያል? የእንጨት ወለል የጎረቤትን እርምጃ ሁሉ ያሰማል፤ እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ከላያችሁ ሌላ ክፍል የሌለበትን ለምኑ።

ስትደርሱ ሻንጣውን ታች ተዉትና መጀመሪያ ክፍሉን እዩ። መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ዘግታችሁ፣ እንደገና ከፍታችሁ እዩ። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ሦስት ደቂቃ ያህል አፍስሱት፤ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁ፤ በሩን ከውስጥ ቆልፉ። ይኸ ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፤ አበባ በትኑ እንጂ ሻማ አታብሩ። የዚህ ሆቴል ከፊሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል። አሮጌ እንጨት ደረቅ ነው፤ መጋረጃው ደግሞ አልጋው ራስጌ ነው የሚንጠለጠለው። በባትሪ የሚበራ ሻማ ገበያ ላይ ሞልቷል።

ከዳላስ፦ ሆቴሉ በስልክ 5,000 ብር አለንና ሦስት ሌሊት 15,000 ብለን አሰብን። ልክ ነን?

«ፕላስ ፕላስ» ነው ወይስ ተጠቃሎ ብላችሁ ጠይቁ። ፕላስ ፕላስ ከሆነ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 5,500 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 6,325። ለሦስት ሌሊት 18,975 ብር ነው። ቁርስ ለሁለት ሰው ነው ወይስ ለአንድ ብላችሁም ጠይቁ፤ ብዙ ሰው በመጨረሻው ቀን ሒሳብ መዝጊያው ላይ የሚጣላው በዚህ ነው። ቀብድ ከላካችሁ ደግሞ በሆቴሉ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይሁን። በግለሰብ ስም ቁጥር ከሰጧችሁ አትላኩ። ከመላካችሁም በፊት ክፍሉን በቪዲዮ ያሳዩአችሁ፤ መስኮቱን ከፍተው።

ከደሴ፦ የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንያዝ?

የሁለታችሁንም መታወቂያ ያዙ፤ ሌላውን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ከአዳማ፦ «ደብል» ብለን ይዘን ሁለት የተለያየ አልጋ ሰጡን። የማን ጥፋት ነው?

የስሙ ነው። አንዱ ሆቴል «ሲንግል» የሚለው ሁለት ሰው የሚያስተኛ አንድ ትልቅ አልጋ ነው፤ ሌላው «ደብል» ሲል ሁለት አልጋ ማለቱ ነው። የእንግሊዝኛውን ስም ተዉትና «ለባልና ሚስት፣ አንድ አልጋ፣ ስፋቱ ስንት ሜትር ነው?» በሉ። ከ1 ሜትር ከ50 በታች ከሆነ ለሁለት ይጠባል።

ከጅዳ፦ አምና ከባለቤቴ ጋር ለሦስት ሌሊት ካዛንቺስ አካባቢ አርፈን ነበር። ማታ ማታ ክፍላችን ውስጥ ጀበና ጥጄ፣ ዕጣን አጭሼ ቡና አፈላሁ። ጠዋት ሁለታችንንም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዘን። ሰው «ከፍታው ነው» አለን። ዘንድሮም ልንመጣ ነው፤ ከሰል የማይከለክል ሆቴል ጠቁሙን።

አልጠቁምሽም፣ እህቴ። ቆይ ልንገርሽ፤ የምትሰሙኝም ሁሉ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጉልኝ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጅዳ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱን ቢያመው አይደንቅም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከፍታው ስሙን ይወስድና ከሰሉ ሳይጠረጠር ያልፋል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ከፍታ ላይ ደግሞ ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ አነስ ያለ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

እንዴት እንደሚሆን እዩት። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ደረሰ። ምድጃው አልጋው ግርጌ ገባ ተደረገ። ለጠዋት እንዳይጠፋ ፍሙ ላይ አመድ ተነሰነሰ። ሐምሌ ነው፣ ብርድ ነው፣ መስኮቱ ተዘጋ። መብራት ጠፋ። ጋዙ መጀመሪያ የሚያመጣው ድካም ስለሆነ የተኛ ሰው አይነቃም።

«ውጭ አቀጣጥዬ ጭሱ ሲጠፋ ነው የማስገባው» የምትሉ አላችሁ። የጠፋው ጭሱ ብቻ ነው፤ ቀይ ሆኖ የፋመውም፣ አመድ የለበሰውም ፍም ጋዙን ያወጣል። «በሩ ገርበብ ብሏል» ትላላችሁ፤ አይበቃም። «አጠገቡ ውሃ በሳህን አስቀምጠናል» ትላላችሁ፤ ውሃ ይህን ጋዝ አይስበውም። መታጠቢያ ቤት ብታስገቡትም ያው ነው። ዕጣኑም ክፍሉን ስለሚያውደው አየሩ ንጹሕ ይመስላችኋል እንጂ የሚያጠፋላችሁ ነገር የለም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከታመመና ከክፍሉ ሲወጡ ቀለል ካላቸው፣ ከፍታው ነው አትበሉ። ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ ለእንግዳ መቀበያው ንገሩ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ። ወተት ማጠጣት መድኃኒት አይደለም፤ ሕክምናው ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደህና ነኝ ብትልም ትሂድ፤ ፅንሱ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል።

ቡናውን ማን ይከለክልሻል? ጀበናሽንና ሲኒሽን ይዘሽ ነዪ። ሆቴል ስትመርጪ «ግቢ ወይም ክፍት በረንዳ አላችሁ? ቡና የሚፈላበት ቦታ አለ?» በዪ። ስኒውን ይዛችሁ ወደ ክፍላችሁ ውጡ፤ ፍሙ ግን ውጭ ይደር። ብርዱን ለመስበር ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ። ከሰል አይከለከልም የሚል ሆቴል ካገኛችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከባሕር ዳር፦ ጥር ላይ ሠርጋችን ነው፣ ለጫጉላ አዲስ አበባ እንሄዳለን። ፀጥ ያለ ክፍል እንዴት ይገኛል?

ጥር የሁሉም ሠርግ ነው። የሠርግ አዳራሽ ያለው ሆቴል ከያዛችሁ ቅዳሜና እሑድ የሌላ ሰው ሙዚቃ እኩለ ሌሊት ድረስ አልጋችሁን ያንቀጠቅጠዋል። «በዚያ ቀን አዳራሹ ተይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጄኔሬተሩ ብዙ ጊዜ ከኋላ በኩል፣ መሬት ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚጮኸው ከታችኛው ፎቅ የኋላ ክፍሎች ሥር ነው። ከአሳንሰሩ ሁለት ሦስት በር ራቅ ያለ፣ ከፍ ያለ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ዋና መንገድ የማያይ ክፍል ያዙ። የክፍሉን ቁጥር አጽፉ። «የተረጋጋ ክፍል እንሰጣችኋለን» የሚለው ቃል ብቻውን ክፍል አይደለም።

ከጅማ፦ ባለቤቴ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ፍልውሃ ልወስዳት አስቤ ነበር።

ሐሳብህ ያማረ ነው፤ እቴጌ ጣይቱም ቦታውን የወደዱት በዚሁ ፍልውሃ ነበር። ግን በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ መቆየት የነፍሰ ጡርን የሰውነት ሙቀት ከልክ በላይ ሊያወጣ ይችላል። መጀመሪያ የምትከታተላትን ሐኪም ጠይቅ፤ ከእኔ ፈቃድ አትውሰድ።

ከጎንደር፦ ባረፍንበት ክፍል የሻወሩ ቧንቧ ሲነካ ይነዝራል፤ ትንሽ ስለሆነ ነጠላ ጫማ አድርገን እየታጠብን ነው።

አሁኑኑ ተዉት። ነጠላ ጫማ አያድናችሁም። ትንሽ የነዘረ ነገ ብዙ ይነዝራል፤ እርጥብ ሰውነት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል። ማሞቂያውን በእጃችሁ ለማጥፋት አትሞክሩ፤ ሠራተኛ ጥሩና ከቆጣሪው ያጥፉት። ክፍል ቀይሩ፤ ያንን ክፍል ኤሌክትሪሻን ሳያየው ለሌላ እንግዳ እንዳይሰጡት ንገሯቸው።

ከመገናኛ፦ አሁን ክፍሉ ውስጥ ነን። መስኮቱ ሲከፈት ፊት ለፊቱ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ከፍለናል።

አልጋው ላይ አትቀመጡ፣ ፎጣውን አትንኩ፣ ሻንጣ አትፍቱ። አንዳችሁ እዚያው ቆዩ፣ አንዳችሁ አሁን ውረዱና ሌላ ክፍል እንዲያሳዩአችሁ በትሕትና ጠይቁ። ያልተነካ ክፍል በቀላሉ ይቀየራል፤ ካደራችሁበት በኋላ ግን ከባድ ነው። የሚሰጧችሁንም ክፍል መስኮቱን ከፍታችሁ እዩት።