ከየት ተነሣን?

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ባለፈው ክፍል ቃል የገባሁላችሁ የውሃውን ድምፅ ነበር። ስዋኝ ወንድሜ በካያኩ፣ በትንሿ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ላይ ሆኖ ደረቱ ላይ ባንጠለጠላት ትንሽ መቅጃ የቀዳውን ስምንት ሰዓት የሚጠጋ ድምፅ አሳጥሬ፣ የማዕበሉን፣ የመቅዘፊያውን፣ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝን የአጥሚት ቴርሞሴን ክዳን ድምፅ ሳይቀር አሰማችኋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ያንን አላደርግም። ቅጂውን ሳዳምጥ አንድ ነገር ሰማሁ፤ ከሰማሁት ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ እስካሁን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

መዋኘቱን ዋኝቻለሁ። ዊንደርሚር የሚባለውን የእንግሊዝ ሐይቅ ከደቡብ ጫፉ ከፌል ፉት ተነሥቼ በሰሜን እስከ ዋተርሄድ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ7 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ውስጥ ጨርሻለሁ። የላካችሁልኝን የደስታ መልእክት ሁሉ አንብቤዋለሁ። እዚህ ሊድስ በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ እናቶች በእልልታ ተቀብለውኛል፤ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ይህ እጅ ነው ያን ሁሉ ውሃ የቀዘፈው?» እያሉ ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጠው አይተዋል። የሚከብደኝም ይህ ሁሉ ከተደረገልኝ በኋላ መሆኑ ነው።

ነገሩ የሆነው መዋኘት ከጀመርኩ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሲሆነኝ ነው። ቤል አይል የምትባለውን ደሴትና መኪና እየጫነ በብረት ገመድ የሚሻገረውን ጀልባ ካለፍን ብዙ ቆይተናል። በግራዬ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር የሬይ ካስል ግንብ ከዛፎቹ በላይ ይታየኝ ነበር፤ ስንት ጊዜ ባየውም ያው ቦታው ላይ ነበር። ከበታቼ ያለው የሰሜኑ የሐይቁ ክፍል ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 64 ሜትር ይደርሳል። ውሃው ጠዋት 16 ዲግሪ ነበር።

የጥያቄውን ሥርዓት ላስታውሳችሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ለረጅም ሰዓት የሚዋኝ ሰው አእምሮው መደንዘዝ ሲጀምር ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው ራሱ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ሃያ አምስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ሰውነትም ውስጡን ለማዳን ሲል ከእጅና ከእግር ደሙን ይሰበስባል፤ ጣቶች ተለያይተው አንገጥምም ይላሉ፤ የውስጡ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ምላስ ይጎተታል፣ ሐሳብ ይምታታል። ዋናተኛው ግን ደህና ነኝ ይላል፤ ሲልም ከልቡ ነው። ስለዚህ ፍርዱ ከውሃው ውጭ ላለ ሰው ይሰጣል። አንድ የመዋኛ ልብስ፣ አንድ ቆብ፣ አንድ መነጽር፤ ካያኩን መንካት ክልክል ነው፤ ጽዋው በገመድ ይወረወርልሃል፣ ጠጥተህ ትመልሳለህ። ከአራተኛው ሰዓት ጀምሮ ደግሞ በእያንዳንዱ የምግብ እረፍት ዋናውን የምታረጋግጠው ታዛቢ ከሞተር ጀልባዋ ሆና አንድ ቀላል ጥያቄ ትጠይቃለች፤ መልሱ ከተሳሳተ ዋናው እዚያው ያበቃል። ሲደክመኝ እንግሊዝኛው ስለሚጠፋኝ በአማርኛ እንድመልስና ወንድሜ እንዲተረጉም አስቀድመን ተስማምተን ነበር። ይህን ያቀድኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ቅጂው ላይ መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል። ቀጥሎ የጽዋው ገመድ በካያኩ ጠርዝ ላይ ሲፈገፈግ ይሰማል፤ አጥሚቱን ስውጥ ጉሮሮዬ ሳይቀር ይሰማል። ታዛቢዋ በዝግታ፣ ቃላቱን እየለየች፣ ዛሬ ጠዋት ከየት ነው የተነሣነው ብላ ትጠይቃለች። እኔም ወዲያው፣ ሳላመነታ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ከእንጦጦ» እላለሁ።

ከዚያ ዝምታ ነው። ሦስት ሰከንድ ይሆናል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከመቅዘፊያው ጫፍ ውሃ አራት ጊዜ ጠብ ሲል ይሰማል፤ ደጋግሜ ስለቆጠርኩት እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ወንድሜ በእንግሊዝኛ «ፌል ፉት ትላለች፤ ደህና ናት» ይላል። ታዛቢዋ ታመሰግነዋለች። ሞተሩ ከፍ ይላል፤ የእኔም ክንድ ውሃውን ሲመታ ይሰማል።

እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። «ፌል ፉት» እንዳልኩ አስታውሳለሁ። ከንፈሬ ስለደነዘዘ «ፉ» የሚለው ድምፅ አልወጣ ብሎኝ ሁለት ጊዜ መሞከሬን እንኳ በዚሁ ዝግጅት ላይ ነግሬአችኋለሁ፤ ያንን ክፍል የሰማችሁ ታስታውሱታላችሁ። ውሸት አልነገርኳችሁም። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የከንፈሬ ድንዛዜ ይሰማኛል፤ ታዛቢዋም ራሷን ስትነቀንቅ አያታለሁ። ቅጂው ላይ ግን ያ ሁሉ የለም። አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ እሷም የተሳሳተች ናት።

ለምን እንጦጦ? ይህን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። አያቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ለአንድ ክረምት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየቀሰቀሰች እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ትወስደኝ ነበር። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ የወረፋው ዝምታ፣ የቢጫ ጀሪካኖቹ ረድፍ አሁንም አለብኝ። ውሃው ራሴ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ ደረቴ ላይ ተሰንቅሮ ይቀር ነበር። አያቴ ከኋላዬ ሆና «ትንፋሽሽን አትያዢው፤ አውጪው፣ አውጪው» ትለኝ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እዚህ አገር ቀዝቃዛ ውሃ መለማመድ ስጀምር አሠልጣኙ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፤ ሰውነት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ድረስ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ በዚያች ጊዜ ዋናው ሥራ አየር ማስወጣት ነው አለኝ። እኔም በልቤ «ይህንማ አውቀዋለሁ» አልኩ። በዚያ ጠዋት ፌል ፉት ላይ ውሃው ወገቤ ሲደርስ «አውጪው» ያልኩት ጮክ ብዬ ነው፤ እሱም ቅጂው ላይ አለ።

ስለዚህ ምናልባት አልተምታታብኝም፤ ምናልባት የተጠየቅሁትን በሌላ መንገድ ሰምቼ ይሆናል። እንዲህ ባሰብኩ ቁጥር ግን ራሴን እጠረጥራለሁ። የብርድ ቅዠት ቆንጆ ትርጉም ሲገኝለት ሰው ቅዠት ነበር ብሎ ማመን ያቅተዋል።

ለወንድሜ ደወልኩለት። ቅጂውን በስልክ አሰማሁት። ዝም አለ፤ እንደዚያኛው ዝምታ። ከዚያ «እታለም፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ክንድሽን ስቆጥር ነው የዋልኩት» አለኝ። ጠዋት በደቂቃ 58 ጊዜ እቀዝፍ ነበር፤ በዚያች ሰዓት 55 ነበርኩ። ይህ እውነት ነው፣ ታዛቢዋም በመዝገቧ ላይ ጽፋዋለች፤ ብርድ ያሸነፈው ዋናተኛ ቀዘፋው ቀድሞ እንደሚወድቅ ሁለታችንም እናውቃለን። «ከ50 ከወረደች አስወጣታለሁ ብዬ ወስኜ ነበር» አለ። እኔም «ታዲያ እውነቱን ነግረሃት እሷ ለምን አልፈረደችም?» አልኩት። «ታስወጣሽ ነበራ!» አለኝ። ይህን ሲለኝ ድምፁ የልጅነት ድምፁን መሰለኝ፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይዛችሁኝ ሂዱ ሲል የነበረውን። ቀጥሎ ግን «ደግሞስ እንጦጦ ብትይ ምን አለበት፣ የጀመርሽው ከዚያ አይደለም?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። እኔ ራሴ በሌሊት ያሰብኩትን እሱ ሲናገረው በጣም ተናደድኩ። እንዲህ ያለው ነገር በሰርግ ላይ ቢነገር ያስጨበጭባል፤ 64 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ ለተንሳፈፈ ሰው ሲነገር ግን ያስፈራኛል።

ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ገና 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ሐይቁ ሊያልቅ ሲል ብራዜይና ሮዜይ የተባሉት ወንዞች ከተራራው ወርደው፣ ተገናኝተው ይገባሉ፤ በዚያ በኩል ስናልፍ የወንድሜ ቴርሞሜትር 14 ዲግሪ አሳየ። ውሃው በቁርጭምጭሚቴ በኩል እንደ ስለት ሲያልፍ ትዝ ይለኛል፤ ወይም ትዝ የሚለኝ ይመስለኛል፤ ከእንግዲህ የትኛውን ትዝታዬን እንደማምን አላውቅም። ዋተርሄድ ደርሼ ድንጋዩ እግሬን ሲነካኝ ቆምኩ፣ ወደቅሁ፣ ደግሞ ቆምኩ። ከወጡ በኋላ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከእጅና ከእግር የቀዘቀዘው ደም ወደ ውስጥ ሲመለስ የሰውነት ሙቀት ለጊዜው ገና ይወርዳል፤ ስለዚህ ሙቅ ሻወር አይፈቀድም፣ ደረቅ ልብስ በቶሎ መደራረብ ነው። አርባ ደቂቃ ተንቀጠቀጥኩ። ጽዋውን ወንድሜ ነበር የያዘልኝ፤ የእሱም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ በርዶት ነው ብዬ ነበር።

በ1911 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጆሴፍ ፎስተር የሚባል ሰው ይህን ሐይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ሲዋኝ ከ11 ሰዓታት በላይ ፈጅቶበታል። ሰሞኑን ስለ እሱ አስባለሁ፤ በአሥረኛው ሰዓት ላይ ማን ምን ጠይቆት ይሆን እያልኩ። ካፒቴን ማቲው ዌብም ትዝ ይለኛል፤ በ1875 የእንግሊዝን ቻናል ዋኝቶ የተሻገረው። ስሙ የሚነሣው በዚያ ድል ነው፤ በ1883 ግን ከናያጋራ ፏፏቴ በታች ያለውን አዙሪት ልዋኝ ብሎ ገብቶ ሞተ። እኔ ዌብ አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት ራሱ የማያውቅ ከሆነ የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገዋል፤ የእኔ ያ ሰው ደግሞ ይወደኛል። ፍቅር ለዚህ ሥራ የሚሆን መሆኑን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ ሳልናገረው ማለፍ የማልችለው አንድ ነገር አለ። እማዬ የታመመች ጊዜ ሐኪም ፊት የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። በሰው አገር ያላችሁ ይህን ወንበር ታውቁታላችሁ፤ በሐኪሙና በእናታችሁ መካከል ያለውን ወንበር። ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ አልነገርኳትም። «ትንሽ መድኃኒት ይጨምሩልሻል» ያልኳት ቀን ሐኪሙ የተናገረው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር። እማዬ ወደ እኔ ዘወር ብላ «ይኸው ነው?» አለችኝ። እኔም… አይ፣ ወደዚያ ዛሬ አልገባም። ብቻ ወንድሜ ያን ቀን ከእኛ ጋር ክፍሉ ውስጥ ነበር። እንግሊዝኛውን ሰምቶ ነበር። አማርኛዬንም ሰምቶ ነበር። ምንም አላለም።

ለታዛቢዋ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ብነግራት የምስክር ወረቀቱ ሊነሣ ይችላል፤ እሱን ቢወስዱት ብዙም አይከፋኝም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በጣም ይከፋኛል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሷ ናት፤ እነዚያን ስምንት ሰዓታት በነፋስ ላይ ቁጭ ብላ እኛን አምና ነው የዋለችው፤ በፊርማዋ ያረጋገጠችውም እኛ የነገርናትን ነው። ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት አንዲት የሐበሻ ልጅ ይህንኑ ሐይቅ ልትዋኝ ተዘጋጅታለች፤ ካያኩ ላይ ሆኜ እንድተረጉምላት ጠይቃኛለች። እሺ ልላት አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ወንድሜ እሑድ ይመጣል። ይቅርታ ልጠይቀው ይሁን ልቆጣው አልወሰንኩም፤ ሽሮ እሠራለሁ፣ ያ ብቻ ተወስኗል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ትናንት ማታ ያችን ቦታ በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ከፍ አድርጌ እንደገና ሰማኋት። «ከእንጦጦ» ካልኩ በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጠብታ መካከል፣ ሌላም ቃል ብያለሁ። ዝቅ ያለ ነው፤ ማዕበሉ ካያኩን ሲመታ ይሸፍነዋል። በ«አ» ይጀምራል። «አውጡኝ» ይሁን «አውጪው» አልለይ አለኝ። ለወንድሜ በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ ምንም አላልሽም ብሎ መለሰልኝ። መልሱ የደረሰኝ ወዲያው ነው፤ ሳይቆይ፣ እንዳነበበው ወዲያው…