አሥር ኪሎ ጨምሮ አንድ ደረጃ የወረደው ሰው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ሁለት ቁጥሮች ይዤ መጥቻለሁ፤ 451 እና 461። ሁለቱም ኪሎ ናቸው፤ ሁለቱንም ያነሳው አንድ ሰው ነው፣ በሁለት የተለያዩ ኦሊምፒኮች። በ451 የብር ሜዳልያ አገኘ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ461 ነሐስ። ይህን ካስተዋልሁ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ሰውየው ጎር ሚናስያን ይባላል፤ አርመናዊ ነው፣ የጊዩምሪ ልጅ፣ ክብደት አንሺ። የሚወዳደረውም የሰውነት ክብደት ጣሪያ በሌለበት፣ ግዙፎቹ በሚገናኙበት የመጨረሻው ምድብ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ ፍቅር የቆየ ነው። ልጅ ሆነን እኔና የሰፈር ጓደኞቼ ሁለት ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎችን በሲሚንቶ ሞልተን፣ መሐላቸው የውሃ ቧንቧ ሰክተን «ብረት» ሠርተን ነበር። አንደኛው ቆርቆሮ ከሌላው ስለሚከብድ ብረቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያጋድላል። የግራ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ዝቅ ያለው በዚያ ምክንያት ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ግን አቀማመጥህ ነው ትላለች።

ለስፖርቱ እንግዳ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስናች የሚባለው ብረቱን ከመሬት መንጭቆ ሳያሳርፉ ከአናት በላይ ማድረስ ነው። ክሊን ኤንድ ጀርክ የሚባለው ደግሞ መጀመሪያ ትከሻ ላይ አሳርፎ ከዚያ ወደ ላይ መግፋት ነው። በእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ይሰጣል፤ ከየክፍሉ የተሻለው ይደመራል። መርካቶ ውስጥ ኩንታል የሚሸከም ሰው አይታችሁ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ያሸክሙታል፤ እሱ ጎንበስ ብሎ በጀርባው ይቀበላል። ሚናስያን ፓሪስ ላይ፣ ሁለት ኩንታል ተኩል ሊሞላ አምስት ኪሎ የቀረውን ብረት ማንም ሳያሸክመው ከመሬት አንስቶ፣ ክርኑን ቀጥ አድርጎ ከአናቱ በላይ ያዘው። ነሐስ ያገኘውም በዚህ ነው።

ከሪዮ ልጀምር። በፈረንጆቹ 2016 ማለቴ ነው፤ በእኛ 2008። ፓሪስ ደግሞ በእኛ 2016 ላይ ዋለ፤ ማስታወሻዬን ሳዘጋጅ ሁለቱን «2016» አምታትቼ ግማሽ ቀን ባክኛለሁ። ሪዮ ላይ ሚናስያን ገና 21 ዓመቱ ነበር። በስናች 210፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ 241፣ በድምሩ 451 አነሳ። ወርቁን የወሰደው ጆርጂያዊው ላሻ ታላካዜ ግን 473 ነበረው። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል 22 ኪሎ! ሦስተኛው ኢራክሊ ቱርማኒዜ፣ እሱም ጆርጂያዊ፣ በ448 ተከተለ።

በዚያ ምሽት አንድ ሌላ ሰው ነበር። የለንደኑ ሻምፒዮን ኢራናዊው ቤህዳድ ሳሊሚ በስናች 216 አንስቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ 245 ኪሎ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ሁለተኛውን ሙከራ ዳኞቹ ቢያጸድቁለትም የበላይ ዳኞቹ ሻሩት። ያለ ድምር ወጣ። ያ 245 ቢጸድቅለት ድምሩ 461 ይሆን ነበር፤ ብሩም የእሱ። ቁጥሮቹን ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ከሪዮ በኋላ (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ሚናስያን በ2018ም በ2019ም የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ሆነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከላሻ ቀጥሎ። እኛ ስለሺ ስህንን እናውቃለን፤ በአቴንስም በቤጂንግም ከቀነኒሳ ቀጥሎ ብር የወሰደውን። ስለሺ ግን ቢያንስ የቀነኒሳን ጀርባ እያየ ይሮጥ ነበር። ላሻ በ2021 ታሽከንት ላይ ያነሳው 492 ኪሎ ነው፤ 225 እና 267። የዚህን ሰው ጀርባ ማየትም ዕድል ነው።

ጊዩምሪ ራሷ ቀላል ከተማ አይደለችም። በሶቪየት ጊዜ ሌኒናካን ነበር ስሟ። ዩሪክ ቫርዳንያን ከዚያ ወጥቶ በ1980 ሞስኮ ላይ በ82 ኪሎ ተኩል ምድብ 400 ኪሎ በድምር በማንሳት በምድቡ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። በ1988 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት፤ ሚናስያን የተወለደው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ፓሪስ። እዚህ ላይ ሚናስያን የለበሰው የአርሜኒያን ሳይሆን የባሕሬንን ማልያ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳየው ፊቴ ተኮሳተረ። የአርሲዋ ልጅ ዘነበች ቶላ፣ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባሕሬን በ2007 እና በ2009 የዓለም የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ስትሆን፣ እኔ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ከደበደቡት አንዱ ነበርሁ። ሀገር ይቀየራል ወይ እያልሁ።

በስናች ሚናስያን 216 አነሳ። ላሻ 215፣ የአርሜኒያው ቫራዝዳት ላላያን 215። ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ መድረክ ላሻ ከኋላው ነበር፤ በአንድ ኪሎ ብቻ፣ ግን ከኋላው። ከዚያ ክሊን ኤንድ ጀርክ መጣ። ሚናስያን 245፣ ላላያን 252፣ ላሻ 255። ተደመረ፤ ላሻ 470፣ ላላያን 467፣ ሚናስያን 461።

ቁጥሮቹን ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። 216 እና 245! ሪዮ ላይ ሳሊሚ ቢሳካለት ሚናስያንን ወደ ታች ይገፋ የነበረውን ድምር፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ሚናስያን ራሱ አነሳው። ሪዮ ላይ ብር የሚያሰጥ ድምር ፓሪስ ላይ የሚያበቃው ለነሐስ ነበር።

ጠረጴዛ የደበደብሁበትንም እጅ ዝቅ አድርጌያለሁ። እንደ ሪዮ ሁለት ሳይሆን፣ ፓሪስ ላይ አንድ ሀገር በአንድ ምድብ የሚያሰልፈው አንድ ክብደት አንሺ ብቻ ነበር። ሁለቱም በአርሜኒያ ማልያ ቢሆኑ አንዳቸው ቤት ሆነው በቴሌቪዥን ያዩ ነበር። ማልያቸው በመለያየቱ ግን ሁለት አርመኖች አጠገብ ለአጠገብ ቆመው፣ የአንዱ አንገት ላይ ብር፣ የሌላው አንገት ላይ ነሐስ፣ የጎረቤታቸውን የጆርጂያን መዝሙር አብረው አዳመጡ። ለማርያም ይቅርታ ልጠይቅ አልጠይቅ ገና አልወሰንሁም፤ ሩጫ ሌላ ነው የሚል ክርክር ውስጤ አለ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ሄጄ ያንን የድሮ ብረት አገኘሁት። ቧንቧው ዝጓል፤ ቆርቆሮው ተበልቶ አልቆ የቀረው የሲሚንቶው ድብልብል ነው። እናቴ በርበሬ ስታሰጣ ነፋስ ሸራውን እንዳይገለብጠው ትጭንበታለች። በርበሬው አልነበረምና እጄን አራግፌ፣ እንደ ሚናስያን እግሬን ከፍቼ ቆምሁና ጎንበስ አልሁ።

«ተው አንተ፣ ወገብህን!» አለች ከወጥ ቤት።