ጭብጨባው ይቆየንና እናውራ

እንደምን ዋላችሁ። የተከበራችሁ አባቶቻችን፣ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመታችሁ፣ እናቶች፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለአባቶች ስል ጮክ ብዬ ነው የማወራው፣ ማይኩም ትንሽ ይጮሃል ይቅርታ።

ባለፈው ዓመት በዓል ላይ አንድ አባት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሁላችንም ተነስተን አጨበጨብን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከዛ ሰዉ ወደየቤቱ መበተን ሲጀምር ጠጋ አሉና "ልጄ፣ በየዓመቱ ያጨበጭቡልናል፣ ቁጭ ብሎ የሚያዋራን ግን የለም" አሉኝ። ምን ልበል፣ እሺ አባባ እመጣለሁ አልኩ። እኔም እንደማንኛችሁ ነኝ፣ ዛሬ ነገ ስል አራት ወር አለፈ፣ ሄጄ ስጠይቅ አርፈዋል አሉኝ። እዚህ የቆምኩት በዛ ምክንያት ነው፣ ሌላ ትልቅ ነገር ኖሮኝ አይደለም።

የተወረረችውን ደቡብ ኮሪያን ለመርዳት ስለተሄደበት ስለ ኮሪያ ዘመቻ ብዙዎቻችን የምናውቀው ቁጥር ነው። 6,037 ወታደር በየዙሩ ሄደ፣ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ የተማረከ አንድም የለም። ያኮራል። ግን እስቲ እድሜያቸውን ቁጠሩ። በ1943 የ20 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ጣልያን ሲገባ ገና 5 ዓመቱ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ በ1928 ጄኔቭ ሄደው ተወረርን ብለው በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲጮሁ የደረሰልን የለም፣ ያ ልጅ ያደገው በዛ ውስጥ ነው፣ አባቱ ጫካ ገብቶ ይሆናል፣ ቤታቸው ተቃጥሎ ይሆናል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነፃ ወጣን። ከዛ ልክ በ10 ዓመቱ፣ በዛው በሚያዝያ መጨረሻ፣ ያ ልጅ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ፣ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ መርከብ ላይ ሰንብቶ የኮሪያው ፑሳን ወደብ ደረሰ። ባሕር እንኳን አይቶ የማያውቅ ልጅ። ሰው የማይደርስለት ሀገር ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ የሚያውቅ ትውልድ ነው የሄደው፣ እኔ ይሄን ሳስብ ነው ቁጥሩ ሰው የሚሆንልኝ።

ቃኘው የሚለው ስም የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፣ አባ ቃኘው። ግን ቃሉን ራሱን ስሙት፣ መቃኘት። እነዚህ ሰዎች እዛ በአሜሪካኑ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ስር ገብተው ስም ያወጡበት ሥራ የሌሊት ቅኝት ነበር፣ በጨለማ ተራራ ወርዶ የጠላት ምሽግ አፍንጫ ስር ደርሶ መመለስ። ፈረሱ ቀድሞ ያወቀ ነው የሚመስለው።

ከዛ አባት ሞት በኋላ ግን ቃል ገባሁና ሌሎቹን እየዞርኩ በሞባይሌ መቅዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ተሳስቼ ነበር። "ጀግንነትዎን ይንገሩኝ" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚነግሩኝ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው። ጀግና ስትለው ሰውየው ይደብቅሃል። አንድ ቀን ጥያቄ ሲያልቅብኝ "አባባ እዛ ምን ይበርዳችሁ ነበር?" አልኳቸው አንዱን፣ ኧረ ሳቃቸው! "በረዶ እኛ ሀገር ጠብ ጠብ ብሎ ይቀልጣል፣ እዛ ግን ወርዶ አይሄድም፣ ተኝቶ ይቆያል፣ የጠመንጃው ብረት እጅህ ላይ ይጣበቃል" አሉኝና ከዛ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አላቆሙም። ጓደኛቸው ጫማውን ማውለቅ አቅቶት እንዴት እንዳለቀሰ። ደብዳቤ ለእናታቸው ማን እንደሚያነብላት እየተጨነቁ እንዴት እንደሚጽፉ። እሳቸውን ቤተሰቡ ዝምተኛ ናቸው ነበር የሚላቸው፣ ልጃቸው በር ላይ ቆማ "ይሄን ነገር እኔ ሰምቼ አላውቅም" አለች፣ 50 ዓመት አብራቸው የኖረች ልጅ።

ሕፃናቱንም ያነሳሉ፣ ሁሌም። ወላጅ የሞተባቸው የኮሪያ ልጆች ካምፑ ዙሪያ ይንከራተቱ ነበርና ወታደሮቻችን ዶንግዱቾን በሚባል ቦታ ቦህዋ የተባለ ማሳደጊያ ከፍተው፣ ከራሳቸው ደሞዝ እያዋጡ ያሳድጓቸው ነበር። ስለ ውጊያ ሲያወሩ ያላለቀሱት አባቶች እዚህ ጋ ሲደርሱ ነው ድምፃቸው የሚቀየረው። ያ ልጅ አሁን የት ይሆን ይላሉ፣ አሁን እኮ ያም ልጅ ሽማግሌ ነው።

እና ከተመለሱ በኋላ ያለውን እንዳንዘለው። ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን ከተማ ላይ በ1960 ሐውልት ቆሞላቸው ንጉሡ ራሳቸው ሄደው መርቀዋል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እዚሁ ሀገራቸው ላይ ደርግ መጣና የተዋጉት ከኮሚኒስት ጋር ነበርና ዘመቻው የሚደበቅ ነገር ሆነ። ሜዳሊያ ሳጥን ስር ገባ። ፎቶ የቀደደ አለ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት "አባቴ ኮሪያ ዘምቷል" እንዳይሉ ያስጠነቀቁ አሉ። 17 ዓመት ዝም ያለ ሰው በ18ኛው ዓመት ተነስቶ አያወራም፣ ዝምታ ይለመዳል። አባቴ አያወራም ብላችሁ የምታዝኑ ልጆች ካላችሁ እባካችሁ ይሄን አስቡት፣ ዝምታን ያስተማርነው፣ ማውራት የከለከልነው እኛው ነን፣ ሀገር ማለቴ ነው። አፍንጮ በር ያለውን መታሰቢያ ሄዳችሁ እዩ፣ ስም ተጽፏል፣ ድንጋይ ላይ ግን ስም እንጂ ሳቅ አይጻፍም።

አሁን አብዛኞቹ ከ90 ተሻግረዋል። የሚሰሙት በአንድ ጆሮ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል፣ አንዳንዴ ስም ይጠፋባቸዋል፣ ታገሱ፣ ስሙ በኋላ ይመጣል። ጠዋት ሂዱ። ውጊያውን አትጠይቁ፣ ምን እንደበሉ ጠይቁ፣ ማን እንደሚያስቃቸው፣ ሲመለሱ ቤት መጀመሪያ ማን እንዳያቸው። ፎቶ ካለ አውጡና ጣታቸውን ፎቶው ላይ አስቀምጡላቸው፣ የቀረውን ጣቱ ያወራል።

ፕሮግራሙ ላይ ቀጥሎ ሻይ ይላል፣ ሻዩ ይቆይ። እዛ ጥግ ጋ ሦስት ጠረጴዛ አዘጋጅተናል፣ ወጣቶቹ ሞባይላቸውን ቻርጅ አድርገው ነው የመጡት። አባባ፣ እርሶ ከፊት ያሉት፣ ባለ ከዘራው፣ ቅድም በር ላይ ስለ መርከቧ የጀመሩልኝ ወሬ ነበር። ይምጡ፣ ይደገፉኝ።